የአንድ ዓመት ልምድ ከየት እናምጣ?

ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ለኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል

ጉዳዩ፦ የተሰረዘው የተግባር ልምምድ እንዲመለስና የአንድ ዓመት የሥራ ላይ ትምህርት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲያችን ኃላፊዎችና መምህራን፣

ባለፈው ወር በትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ማኅተም አለው። ፊርማ አለው። ለ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ተይዞ የነበረው የስድስት ሳምንት የተግባር ልምምድ «በጊዜ መጣበብ ምክንያት» መቅረቱን ይገልጻል። በምትኩ እያንዳንዳችን ተርም ፔፐር እናስገባለን። ምክንያቱ ሦስት ቃል ነው፣ አለቀ። አንዱ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን እዚህ መድገም ነውር ነው።

በግልጽ ደብዳቤ የመጣነው በሌላው መንገድ ሞክረን ስላልሆነልን ነው። 2ኛ ዓመት ሳለን፣ ከትምህርታችን መሀል አንድ ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤት ገብተን የምንሠራበት አሠራር እንዲዘረጋልን ፈርመን አመለከትን። «ይታያል» ተባልን። 3ኛ ዓመት ላይ ደግመን ስንጠይቅ፣ አንድ ዓመቱ ከባድ ነው፣ ስድስት ሳምንት ግን ታገኛላችሁ ተባለ። ከምንም ይሻላል ብለን ዝም አልን። አሁን እሱም ተነሣ።

ስለራሳችን ትንሽ እንበል። እኛ በ2015 ዓ.ም. የገባን ነን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠው ለእኛ ነው። ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን የምናነሣው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ያኔ «አለፈ» የተባለ ልጅ በሰፈሩ ብርቅ ነበር፤ በግ የታረደለት አለ። ዛሬ ያው ቤተሰብ ሲደውል የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስትጨርስ የት ልትገባ ነው?»

የት እንደምንገባ ለማወቅ የሥራ ማስታወቂያ እናነባለን። ክፍላችን ውስጥ ቫካንሲ እንደ ኳስ ውጤት በየቀኑ ይታያል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ በኢኮኖሚክስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ፣ 1 ዓመት ቀጥተኛ አግባብ ያለው የሥራ ልምድ። «0 ዓመት» የሚል ከተገኘ ደግሞ የአመልካቹ ሰልፍ አጥሩን ዞሮ ይመለሳል። ከታች በትንንሽ ፊደል ሁለት መስመር ይጨመራል። አንደኛው፣ ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ።

እነዚህ ሁለት መስመሮች ምን እንደሚያደርጉ በሰው እናሳያችሁ።

አንድ የዶርም ጓደኛችን ሦስት ክረምት መርካቶ አጎቱ የጅምላ መደብር ውስጥ ሠርቷል። የዱቤ መዝገቡን የሚይዘው እሱ ነው። ዘይት ሊጠፋ ሲል ከነጋዴው ቀድሞ ያውቃል። የትኛው ደንበኛ ለምን እንደሚያዘገይ፣ ለማን ስንት ቀን እንደሚታገሥ ያውቃል። ይህ ብድር ነው፣ ስጋት ነው፣ መረጃ ነው፤ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የምንማረው በሙሉ። ግን በወረቀት ምንም የለውም። አጎት ለወንድሙ ልጅ ደመወዝ ከፍሎ ግብር አይቆርጥም።

ሌላዋ የክፍላችን ልጅ ሁለት ጊዜ በቤት ለቤት ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆና ሠርታለች። ታብሌት ይዛ ገጠር ለገጠር ዞራለች። ደብዳቤም አላት፣ ማኅተም ያለው። ለማመልከት ስትጠይቅ «ከምረቃ በፊት ስለሆነ አይያዝም» አሏት። በቃ። አንድ ወር ሙሉ በእግሯ የሄደችው መንገድ የለም ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ከትምህርት ክፍላችን የተመረቀች አንዲት እህታችን ደግሞ አለች። ነጥቧ 3.6 ነው። ለአንድ አነስተኛ የገንዘብ ተቋም ቃለ መጠይቅ ቀረበች። ኤክሴል ከፍተው የብድር መመለሻ ሰንጠረዥ ሥሪ አሏት። አልቻለችም፤ ማንም አሳይቷት አያውቅም። ስለ ሬግሬሽን፣ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በቁጥር ስለማስላት፣ ጠይቁኝ አለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው ስታታ በሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው። ጠያቂው ሰውዬ ክፉ አልነበሩም። «እናቴ፣ እኛ ዘንድ ሬግሬሽን የለም፣ ደንበኛ ነው ያለው» አሏት።

ይህ ሁሉ እያለ ሌላ ዓይነት ማስታወቂያም አለ። አንዳንድ ባንኮች አዲስ ተመራቂ ብቻ ይፈልጋሉ። የ2016 ወይም የ2017 ተመራቂ፣ ዕድሜው ከዚህ ያልበለጠ ይላሉ። ስለዚህ ልምድ ለማግኘት አንድ ሁለት ዓመት የትም ሲንከራተት የቆየ ልጅ እዚያ ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል። ለአንዱ ጥሬ ነን፣ ለሌላው አርጅተናል።

ቀጣሪዎቹን ብቻ መውቀስ አንፈልግም። 3ኛ ዓመት ላይ «የሎሚ ገበያ» የሚባል ትምህርት ተምረናል። መምህራችን ርዕሱን ሲጽፉ ግማሹ ክፍል ጥምቀት ነው ትዝ ያለው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ገዢ ጥሩውን ዕቃ ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው የመጥፎውን ዋጋ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ገበያውን ጥሎ ይወጣል። እኛ ያ ዕቃ ነን። 3.2 ያመጣው ልጅ ከሌላው 3.2 በምን ይለያል? ቀጣሪ አያውቅም። ስለዚህ ሌላ ቦታ አንድ ዓመት ሠርቶ ያልተባረረ ሰው ይፈልጋል። ግን ያቺን የመጀመሪያ ዓመት ማን ይስጥ? አሠልጥኜ ሌላው ድርጅት ይወስድብኛል ብሎ ሁሉም ይፈራል። ሠራተኛ ማሠልጠን የጎረቤት ሥራ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ገበያ ራሱ አይደፍነውም፣ መሀል ገብቶ የሚያስማማ አካል ያስፈልጋል ብሎ ያስተማረን ይኸው ትምህርት ክፍል ነው። ፈተና ላይም መጥቷል፣ 8 ማርክ።

ሌሎቹ ትምህርት ክፍሎች ይህን ከተረዱ ቆይተዋል። የሕክምና ተማሪ ከመመረቁ በፊት 12 ወር ሆስፒታል ውስጥ ኢንተርን ሆኖ ይሠራል። የኢንጂነሪንግ ልጆች አንድ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ይወጣሉ። ሕግ ኤክስተርንሺፕ አለው። መምህር የሚሆነው ተማሪ ቾክ ይዞ ክፍል ይገባል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን የበጀት ሰነድ በእጁ ሳይነካ «የመንግሥት ፋይናንስ» የሚለውን ኮርስ ኤ ያመጣበታል።

የምንጠይቀው ከሰማይ የወረደ ነገርም አይደለም። ሀገራችን ውስጥ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል አሠራር ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው አስተማሪ እየሆነ። ያኔ መንገዱም ስልኩም እንዳሁኑ አልነበረም። ተችሏል ግን።

ወደ ውጭ ካየን እንግሊዝን እንጥቀስ። እዚያ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የ4 ዓመት አማራጭ አላቸው። ተማሪው 2ኛ ዓመትን ጨርሶ አንድ ዓመት ገደማ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ የመጨረሻውን ዓመት ይማራል። በትምህርትና በትምህርት መሀል ሥራ ስለሚገባ «ሳንድዊች» ይሉታል። የቆየ ነገር ነው፤ በ1903 እ.ኤ.አ. በሰንደርላንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ለምህንድስና ተማሪዎች እንደተጀመረ ይነገራል። በሥራው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ለሀገሬው ተማሪ ሊያስከፍል የሚችለው ከሙሉው ክፍያ ጣሪያ 20 በመቶ ገደማ ነው። በ2025/26 የትምህርት ዘመን ሙሉው ጣሪያ 9,535 ፓውንድ፣ የሥራው ዓመት 1,905 ፓውንድ ነው። የመንግሥት ኢኮኖሚስቶችን የሚያሰማራው አካል ሳይቀር እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ይቀበላል። ሁሉ ነገር ጣፋጭ ነው ማለታችን አይደለም። ቦታውን ተማሪው ራሱ ተወዳድሮ ነው የሚያገኘው፤ ያላገኘ ወደ 3 ዓመቱ ይመለሳል። ልምምዱ የትምህርቱ አካል ከሆነ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉም አያስገድድም፣ በነፃ የሚሠራ አለ። እኛም ያው ያጋጥመናል ብለን ነው የምንጠይቀው።

የእኛም ዲግሪ 4 ዓመት ነው። በ2012 ዓ.ም. ከ3 ወደ 4 ሲያድግ የተጨመረችው ዓመት ለፍሬሽማን፣ ለ1ኛ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ዋለች። ፍሬሽማንን አንቃወምም፤ ሎጂክ የተማርነው እዚያ ነው፣ ይህን ደብዳቤም ሳይረዳን አልቀረም። ግን የእኛ ሳንድዊች ዳቦ በዳቦ ሆነ።

ስለ ሀንድአውቶቻችንም እናንሣ፤ ከጉዳዩ ጋር ይያያዛል። በአንዱ ኮርስ ሀንድአውት ውስጥ ዶላር 27 ብር ነው። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲለቀቅ እኛ እዚሁ ተማሪዎች ነበርን። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ በወለድ ተመን ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ፖሊሲ ጀመረ፤ መነሻው 15 በመቶ። ታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። ጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። በሁለት ሴሚስተር ውስጥ ይህ ሁሉ ሆነ። ሀንድአውቱ ግን አሁንም «ኢትዮጵያ የአክሲዮን ገበያ የሌላት ሀገር ናት» ብሎ ምክንያቶቹን ይዘረዝራል። ምክንያቶቹንም ሸምድደናል። መምህሮቻችን ስንት ክፍል እንደሚያስተምሩ እናውቃለን፣ ሀንድአውት በየወሩ ይታደስ አንልም። ግን እነዚህ ነገሮች ሲከሰቱ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ባንክ ውስጥ፣ ገቢዎች ውስጥ፣ ንግድ ቢሮ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ለክፍሉ ሁሉ ይተርፍ ነበር።

ይህን የምንለው አይተን ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ ባለፈው ክረምት ማንም ሳይልከው የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «በነፃ ልሥራ» አለ። ግራ ገባቸው፣ ግን ተቀበሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እየወረድክ የእህል ዋጋ መዝግብ ተባለ። ቀላል መስሎት ነበር። ቅጹ ላይ ያለው «ጤፍ፣ በኩንታል» ነው። ገበያ ላይ ግን እንዲሁ ጤፍ የሚባል ነገር የለም። ማኛ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። ጠዋት የተጠየቀ ዋጋና ከሰዓት በኋላ የተጠየቀ ዋጋ አንድ አይደለም፤ ገበሬው ወደ ቤቱ መመለስ ሲያስብ ይቀንሳል። ችርቻሮው ደግሞ በጣሳ ነው። የአንዷ ጣሳ ከሌላዋ ይለያል፣ ሥሩ ወደ ውስጥ የተደፈጠጠም አለ። የመጀመሪያ ሳምንት ይዞት የተመለሰውን ቁጥር ኃላፊው አይተው ሳቁ። «ይሄ የደላላ ዋጋ ነው» አሉት። በሦስተኛው ሳምንት ማንን፣ መቼ፣ የትኛውን ጤፍ እንደሚጠይቅ ገባው። ባለፈው ቅዳሜ ነጭ የሸጠችው ሴትዮ ዛሬ ሰርገኛ ብቻ ይዛ ብትመጣ «የጤፍ ዋጋ ቀነሰ» ተብሎ እንደማይጻፍ ገባው። ይህ በመጽሐፋችን ስለ ዋጋ ኢንዴክስ በሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው። እኛ ሸምድደነዋል። እሱ የበቆሎ እሸቱን እየጋጠ አየው። አሁን ክፍል ውስጥ ስለ ኢንፍሌሽን እጁን ሲያወጣ መምህሩም ያዳምጣሉ።

እሱን ማን ላከው? ማንም። ልምዱስ ይቆጠርለታል? አይቆጠርለትም።

አሁን ያለፈው ዓመት ልምምድ እንዴት እንደነበር እናንሣ፤ ይመለስ ስንል እንደነበረው ይመለስ ማለታችን አይደለምና። ከእኛ በፊት የነበሩት ስድስት ሳምንቱን አግኝተዋል። አሠራሩ ይህ ነበር፦ ትምህርት ክፍሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ይሰጣል፣ ተማሪው ይዞ ይወጣል። አንዱ 11 መሥሪያ ቤት ዞሯል። አራቱ ላይ ከጥበቃ አላለፈም። በ12ኛው ተቀበሉት። ስድስት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አነሣ፣ ሻይ አመላለሰ፣ ፋይል ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። በመጨረሻ የግምገማ ቅጹ ላይ 95 ከ100 ተሰጠው። ያኔ ማንም ከትምህርት ክፍሉ መጥቶ ያየው የለም። ስልክም አልተደወለም።

ሁለት እህቶቻችን የደረሰባቸው ከዚህ የከፋ ነው። ከከተማ ውጭ ቦታ አገኙ፣ በራሳቸው ገንዘብ ቤት ተከራዩ። ተቆጣጣሪ ተብሎ የተሰጣቸው ሰው ማታ ማታ እየደወለ ሻይ እንጠጣ፣ ራት እንብላ ማለት ጀመረ። እምቢ ሲሉ የግምገማ ቅጹ በእጁ እንዳለ አስታወሳቸው። ወደ ግቢ ደውለው ተናገሩ። የተሰጣቸው መልስ «ትንሽ ነው የቀራችሁ፣ ቻሉት» የሚል ነበር። አንዷ ሳትጨርስ ተመለሰች፣ ውጤቷም «አልተሟላም» ተባለ። ይህን ስንጽፍ እስካሁን እጃችን ይንቀጠቀጣል። ቻሉት የሚባል ነገር አይደለም።

ለልምምዱ መቅረት የተሰጡንን ምክንያቶች በቃል ጠይቀን ሰምተናል፣ አንድ በአንድ እንመልስ።

ትልቁ ምክንያት የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ትምህርት ክፍሉም ስንት ተማሪ አሳለፈ ተብሎ ይመዘናል። ስለዚህ ስድስቱ ሳምንት ለቱቶሪያልና ለሞዴል ፈተና ይዋል ተባለ። እኛም መውደቅ አንፈልግም። ግን ከፈተናው በኋላ እስከ ምረቃው ድረስ ያለውን ጊዜ ምን እንደምናደርግበት ታውቃላችሁ። ካርታ እንጫወታለን። ጋዋን እንለካለን። እዚያ ላይ ቢገባስ?

ሁለተኛው ምክንያት ቦታ የለም የሚል ነው። እውነት አለበት። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሁላችንም ባንክ እንግባ ካልን ከደንበኛው እኛ እንበዛለን። ግን ሁሌ የሚታሰበው ባንክ ብቻ ስለሆነ ነው። በየወረዳው የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አለ፣ በጀት ሲዘጋ ሰው ያጥረዋል። የንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። ገቢዎች አለ። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች አሉ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍሉት፣ የገበሬውን እህል የሚገዙት እነሱ ናቸው። የመረጃ ሰብሳቢ እጥረት ያለባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ። የወፍጮ ቤት ባለቤት እንኳ ሒሳቡን የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። ማንም ሄዶ ስላልጠየቃቸው ነው። ደግሞም አብዛኞቻችን የመጣነው ከሌላ ከተማ ነው። በሥራው ዓመት ወደየመጣንበት ብንመለስ ይህች ከተማ ሁላችንንም መሸከም የለባትም።

ሦስተኛው በጀት ነው። ይህንን አስልተናል፤ ሌላ ሥራ የለንም። ኖን ካፌ ለሆነ፣ ማለትም በግቢው ካፌ ለማይበላ ተማሪ የምግብ ገንዘቡ በእጁ ይሰጠዋል። ለልምምድ የወጣ ተማሪም እንደ ኖን ካፌ ቢቆጠር አዲስ በጀት አይጠይቅም። አልጋውም ለሌላ ይሆናል።

አራተኛውን ያነሡት መምህራን ሳይሆኑ የራሳችን ልጆች ናቸው። ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እናቴ ሌላ አንድ ዓመት አትጠብቀኝም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው የአንድ ዓመቱ ሥራ በፍላጎት ይሁን የምንለው። የሚቸኩል በ4 ዓመት ይውጣ፣ የሚፈልግ በ5። ግን አምና የተመረቁትን ቆጥረናል፦ ስልክ ከደወልንላቸው 23 ልጆች 14ቱ እስካሁን ሥራ የላቸውም። እነሱም አንዷን ዓመት አጥተዋታል፤ በቫካንሲ ሰሌዳ ሥር ነው ያጧት፣ ምንም ልምድ ሳይዙባት። ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ አንዱን ስንመርጥ የሚቀርብን ነገር ዋጋ፣ ማለት ይኼ ከሆነ፣ ሒሳቡ ለእኛ ያደላል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የዘንድሮው የስድስት ሳምንት ልምምድ ከመውጫ ፈተናው በኋላ፣ ከምረቃው በፊት እንዲሰጠን። ተርም ፔፐሩን እንጽፋለን፣ እሱን አልጠላንም።

ከእኛ በኋላ ላሉት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ ዓመት ሲሻገሩ አንድ ዓመት መሥሪያ ቤት ገብተው የሚሠሩበት፣ በፍላጎት የሚመረጥ አሠራር በሚቀጥለው የካሪኩለም ክለሳ ውስጥ እንዲገባ። የክለሳ ኮሚቴው ውስጥ አንድ የተማሪ ተወካይ እንዲቀመጥ። በዚያ ዓመት ያልተኛንበት አልጋና ያልበላነው ምግብ በኮስት ሼሪንጋችን፣ ከምረቃ በኋላ በምንከፍለው የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ላይ እንዳይቆጠር።

«ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ እንዲቀር። ዩኒቨርሲቲው ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ስምምነት ይፈራረም፤ ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያሳየው፣ የትራንስፖርት ይሰጠው አይሰጠው በወረቀት ይስፈር። ለዚህ ሥራ የተመደበ አንድ ሰው ይኑር። አንድ ሰው ብቻ፣ ቢሮውና ስልኩ የሚታወቅ። ከመምህራን አንዱ በልምምዱ መሀል ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቦታው ድረስ ሄዶ ይይ።

ለሴት ተማሪዎች አቤቱታ የሚቀበል፣ ከግምገማ ቅጹ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው እንዲመደብ። ካሉበት ቦታ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሌላ የሚዛወሩበት መንገድ እንዲኖር። ባለፈው ዓመት «አልተሟላም» የተባለችው እህታችን ውጤትም እንደገና እንዲታይ። ይህኛው ኮሚቴ አያስፈልገውም፣ ዛሬ ይቻላል።

የልምምድ ማስረጃው «በመልካም ሥነ ምግባር አጠናቋል» ብቻ አይበል። ስንት ወር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሥራ ላይ የሚለውን ይዘርዝር። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ መልክ የተሠራ አንድ ዓመት ከምረቃ በፊት ቢሆንም እንደ ሥራ ልምድ እንዲያዝ ለሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህን እኛ ብንጠይቅ የሚሰማን የለም፤ እናንተን ይሰማሉ።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ ቀጣሪዎችም አንድ ነገር። ማስታወቂያ ስታወጡ «ከምረቃ በኋላ» የምትለዋን መስመር እንደገና እዩልን። ታብሌት ይዛ ገጠር የዞረችው ልጅ ከመመረቋ በፊትም እግሯ ያው እግር ነበር።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የዚህ ወር መጨረሻ ሳያልፍ እንጠብቃለን። «ይታያል» የሚለው ከዚህ በፊት ስለተሰጠን ሌላ ቢሆን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የኢኮኖሚክስ 4ኛ ዓመት ተማሪዎች ተጠሪዎች
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ኅብረት
ለ2ኛ እና ለ3ኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች